የኪትዌ ልጆች ሸክላ

እስቲ ጆሯችሁን አውሱኝ፤ ስለ ስድስት ጎረምሶች ላውጋችሁ።

ዛምቢያ ውስጥ፣ መዳብ ከሚቆፈርበት ምድር፣ ኪትዌ የምትባል ከተማ አለች። ሀገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1964 ነፃነቷን ስታውጅ ገቢዋ ከመዳብ ነበር። ማዕድን ቆፋሪው በደመወዙ ሸክላ ይገዛል፤ ልጆቹ የእንግሊዞቹን ሮክ ሰምተው ጊታር አማራቸው። ፕሬዚዳንቱ ኬኔት ካውንዳም ጊታር ይወዱ ነበር፤ ሬዲዮው ከሚያሰማው ሙዚቃ 95 በመቶው የዛምቢያ እንዲሆን አዘዋል።

በዚያ ዘመን ዊች የተባለው የስድስቱ ጎረምሶች ባንድ ተመሠረተ። ድምፃዊው ኢማኑኤል ቻንዳ ነው፤ በእንግሊዛዊው የሮክ ድምፃዊ በሚክ ጃገር ስም «ጃጋሪ» ብለው ጠሩት። ልጆቹ እ.ኤ.አ. በ1972 «ኢንትሮዳክሽን» የተሰኘውን የመጀመሪያ አልበማቸውን አወጡ። ከኋላቸው የቆመ ሙዚቃ ቤት የለም፤ በራሳቸው አቅም አሳተሙት። በዛምቢያ ለገበያ ከቀረቡ አልበሞች ቀዳሚው እንደሆነም ይነገርለታል።

ቀረጻው ሻካራ ነው። ጊታሩ ይጮኻል፤ ድምፅና መሣሪያ ይጋፋሉ። እኔ ግን ያ ሻካራነት ተሞርዶ እንዲጠፋ አልሻም። ከፊታቸው መንገዱን የሄደበት ሰው ሳይኖር የደፈሩ ልጆች ትንፋሽ የሚሰማው እዚያው ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ዛምሮክ ተብሎ የገነነው ሙዚቃ በዚህ ድፍረት ላይ ቆመ።

ደጉ ጊዜ አልቆየም። የመዳብ ዋጋ ወደቀ፤ ኑሮ ከበደ፤ ጭፈራ ቤቱን ዲስኮ ወሰደው። ጃጋሪ ባንዱን ትቶ አስተማሪ ሆነ፤ ኋላም የከበሩ ድንጋዮች ፍለጋ ጉድጓድ ገባ። ከዚያ ኤድስ መጣና የዛምሮክን ትውልድ አረገፈው። ከስድስቱ የቀረው ጃጋሪ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 ናው አጌይን የተባለው የአሜሪካ ሙዚቃ ቤት የመጀመሪያውን አልበም ከሌሎቹ የባንዱ ሥራዎች ጋር ሰብስቦ ዳግም አሳተመ። 40 ዓመት! ጃጋሪ ከአዳዲስ ሙዚቀኞች ጋር የአውሮፓን መድረኮች ረገጠ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ «ዛንጎ» የተባለ አዲስ አልበም ወጣ።

ዳግም ኅትመቱ ታላቅ ውለታ ነው፤ ለአምስቱ ግን ዘግይቷል። ስለዚህ «ኢንትሮዳክሽን»ን ስትከፍቱ ስማቸውን ጥሩልኝ፦ ክሪስ ምቤዌ፣ ጆን ሙማ፣ ጌድዮን ሙሌንጋ፣ ፖል ሙምባ፣ ቦይዲ ሲንካላ።