ከሹፌሩ ጎን የተቀመጠው ሰው



 የመጽሔቱ አዘጋጆች «አንተም ከምታውቀው ጥቂት ጻፍ» ሲሉኝ፣ እኔ ባለሱቅ እንጂ የታሪክ ምሁር አይደለሁም፣ ትምህርቴም ከ12ኛ ክፍል አላለፈም ብዬ ለመሸሽ ሞክሬ ነበር። በኋላ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

በካርቲየ 7 ቢስ ከሱቄ ደጃፍ ላይ ማታ ማታ የሚሰበሰቡ ልጆቻችን ስለ መኪና ውድድር ሲከራከሩ እሰማለሁ። የመኪናውን ዓይነት፣ የሹፌሩን ስም፣ ስንት ጊዜ እንዳሸነፈ በቃላቸው ያውቁታል። አንድ ቀን «በራሊ ውድድር ላይ መኪናው ውስጥ ሁለት ሰው ነው ያለው። ከሹፌሩ ጎን የተቀመጠው ማን ይባላል?» ብዬ ብጠይቃቸው መልስ የሰጠኝ አልተገኘም። ስለዚህ የምጽፈው ስለዚያ ሰው ነው። ፈረንጆቹ ናቪጌተር ይሉታል፤ እኔ መንገድ ጠቋሚ እለዋለሁ። ስለ እርሱ ለመጻፍ የራሴም ምክንያት አለኝ፤ ወደ መጨረሻው እደርስበታለሁ።

በእኛው ከተማ በኩል ያለፈው እሽቅድምድም

ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር ቢኖር፣ ወደ አገራችን የገባው የመጀመሪያው መኪና ታሪክ ራሱ የእሽቅድምድም ታሪክ መሆኑ ነው። መኪናው የመጣውም በዚህችው በጅቡቲ በኩል ነበር። ጊዜው በእኛ አቆጣጠር 1900 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ የባቡሩ ሐዲድ የሚያበቃው ድሬዳዋ ላይ ሲሆን፣ አዲስ አበባ የደረሰው ገና በ1909 ዓ.ም. ነው። ከድሬዳዋ ወዲያ ያለው የግመልና የበቅሎ መንገድ ነበር።

ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የተባለችውን መኪና ይዞ ለአጼ ምኒልክ ለማድረስ ተነሣ። በዚያው ሰሞን አርኖልድ ሆልትስ የሚባል ጀርመናዊም ናከ የተባለ የጀርመን መኪና ይዞ ወደዚያው ቤተ መንግሥት አቀና። ሁለቱም በሥራቸው እሽቅድምድመኞች አልነበሩም። ሆኖም ማን ቀድሞ ይገባል የሚለው ነገር የአገር ክብር ጉዳይ ሆነ። ቀድሞ የደረሰው ቤንትሌይ ነበር። አጼ ምኒልክም በመኪናዋ ተሳፍረው ሄዱባት።

ከቤንትሌይ ጋር ማን ነበረ ብለን ብንጠይቅ፣ ሬጂናልድ ዌልስ የተባለ እንግሊዛዊ፣ ቡሊ የተባለ ውሻ፣ እንዲሁም አንድ የሶማሌ ተወላጅ ነበሩ። ስለ ጉዞው በእንግሊዝኛ የታተመው መጽሐፍ ይህን ሶማሌ «ጆርጅ» ብሎ ይጠራዋል። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ጆርጅ እንዳልነበረ ለማንም ግልጽ ነው። በዚህ በረሃ ውኃው የት እንዳለ፣ ሰውን በምን ቋንቋ ማነጋገር እንደሚገባ፣ ከሦስቱ ሰዎች የተሻለ የሚያውቀው እርሱ እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። ነገር ግን የውሻው ስም በትክክል ሲቀመጥ የእርሱ ግን ጠፍቶ ቀረ።

አምስት ሜትር ወረቀት

በአውሮፓ የሕዝብ መንገድን ለአንድ ቀን ለውድድር መክፈት የተለመደ ነበር። ከሁሉም የታወቀው ከእ.ኤ.አ. 1927 ጀምሮ የተካሄደው የጣሊያኖቹ ሚሌ ሚሊያ ሲሆን፣ ትርጉሙ አንድ ሺህ ማይል ማለት ነው። ከብሬሻ ተነሥቶ ሮም ደርሶ ወደ ብሬሻ ይመለሳል። ታዋቂ እሽቅድምድመኞች ብቻ ሳይሆኑ ተራ ሰዎችም በየቤት መኪናቸው ይወዳደሩ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1955 ስተርሊንግ ሞስ የተባለው እንግሊዛዊ በመርሴዲስ ሲወዳደር ከጎኑ ያስቀመጠው ዴኒስ ጄንኪንሰን የተባለ ጋዜጠኛ ነበር። ሁለቱ አስቀድመው መንገዱን ደጋግመው ሄዱበት። ጄንኪንሰን ኩርባውን፣ ድልድዩን፣ የባቡር ማቋረጫውን ሁሉ ጻፈ። ጽሑፉን አምስት ሜትር ተኩል ገደማ በሚሆን ወረቀት ላይ ገልብጦ፣ መስኮት ባለው የአሉሚኒየም ሣጥን ውስጥ ጠቅልሎ ያዘው። የሞተሩ ጩኸት ስለማያሰማማ የሚነጋገሩት በእጅ ምልክት ነበር። ከኮረብታ ጀርባ ያለውን ሹፌሩ አያየውም፤ ጄንኪንሰን «ሂድ» ካለው ግን ፍሬን ሳይነካ ያልፋል። በመንገድ ላይ ጄንኪንሰን አስታውኮት አንገቱን ወደ ውጭ ሲያወጣ ነፋሱ መነጽሩን ወሰደበት። ደግነቱ ትርፍ መነጽር ይዞ ነበርና ማንበቡን ቀጠለ።

ወደ 1600 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መንገድ በ10 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ከ48 ሴኮንድ ጨረሱት፤ በአማካይ በሰዓት 157 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ሁለተኛ የወጣው በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ አቻ ያልነበረው ፋንጂዮ ሲሆን፣ ተመሳሳይ መርሴዲስ ይዞ ብቻውን ነበር የነዳው። ግማሽ ሰዓት ያህል ወደ ኋላ ቀረ። በእርግጥ የፋንጂዮ ሞተር ችግር ገጥሞት ነበር። ቢሆንም ከዚያ ቀን በኋላ የመንገድ ጠቋሚውን ወረቀት የናቀ አልነበረም።

የዚህ ውድድር ፍጻሜ ግን አሳዛኝ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 1957 የስፔናዊው ዴ ፖርታጎ መኪና ጎማ ፈነዳና ከመንገድ ወጣ። እርሱ፣ ከጎኑ የነበረው ኤድመንድ ኔልሰን እንዲሁም ዳር ቆመው የነበሩ 9 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህም 5ቱ ሕፃናት ነበሩ። የጣሊያን መንግሥትም በሕዝብ መንገድ ላይ እንዲህ ዓይነቱን የፍጥነት ውድድር አገደ።

ጎረቤታችን ሳፋሪ

ወደ እኛው አካባቢ ስንመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ1953 የንግሥት ኤልሳቤጥን ዘውድ መጫን ምክንያት በማድረግ በኬንያ፣ በዩጋንዳና በታንጋኒካ መንገዶች የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ውድድር ተጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ተወዳዳሪዎች ገበሬዎች፣ ነጋዴዎችና መካኒኮች ነበሩ። አገራችንም በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የሃይላንድ ራሊ የሚባል የራሷ ውድድር ነበራት።

ሳፋሪ ማለት አቧራ፣ የክረምት መረሬ ጭቃ፣ ድንገት የሚሞላ ወንዝና ከጫካ የሚወጣ አውሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ከ80 በላይ መኪኖች ተነሥተው መጨረሻው ላይ የደረሱት 7 ብቻ ነበሩ። በ1968ም እንደገና 7 ብቻ ደረሱ። የሚያስገርመው በሁለቱም ዓመት ያሸነፉት እነዚያው ሁለት ሰዎች፣ ኒክ ኖቪትስኪና ፓዲ ክሊፍ፣ በዚያው በፔጆ 404 መሆናቸው ነው። ያቺን ፔጆ በጅቡቲም ሆነ በአዲስ አበባ ያደግን ሁሉ እናውቃታለን።

እ.ኤ.አ. በ1965 ደግሞ መካኒኩ ጆጊንደር ሲንግ ከወንድሙ ከጃስዋንት ጋር ሆኖ፣ ሌላ ሰው የተወዳደረባትን አሮጌ ቮልቮ ይዞ አሸነፈ። ወንድም ወንድሙን አምኖ ጨለማ ውስጥ መንዳት ማለት ምን እንደሆነ እነርሱ ያውቁታል። ሳፋሪ ከዓለም ሻምፒዮና ከ2002 በኋላ ወጥቶ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2021 ተመልሷል።

ሌላም መጥቀስ የምፈልገው አለ። በአሜሪካ በኔቫዳ በረሃ ከእ.ኤ.አ. 1988 ጀምሮ 90 ማይል፣ ማለትም 145 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ የሕዝብ መንገድ ላይ አማተሮች ይወዳደራሉ። መንገዱ ለዚያ ቀን ይዘጋል። ከተወዳዳሪዎቹ አብዛኞቹ አስቀድመው የአማካይ ፍጥነታቸውን መርጠው ይመዘገባሉ፤ የሚያሸንፈውም በመረጠው ፍጥነት ልክ፣ ሰዓቱን ሳያዛንፍ የደረሰው ነው። ቀድሞ መድረስም እንደ መዘግየት ይቆጠራል። ሰዓት ይዞ «ጨምር፣ ቀንስ» የሚለው ያው ከጎን ያለው ሰው ነው። «የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ» የሚለውን የእኛን ተረት ሕግ አድርገው አወጡት ማለት ነው።

የእኛ መንገድ

ይህን ሁሉ ያነበብኩት ዘግይቼ ነው። አስቀድሜ ባውቀው ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያልኩ ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

እኔ ባለሱቅ ከመሆኔ በፊት በአጎቴ መኪና ላይ ረዳት ነበርኩ። መኪናችን ተሳቢ ያላት ኤንትሬ ነበረች። መጀመሪያ የምንሠራው በአሰብ መስመር ላይ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣና አሰብ ሲዘጋብን ግን የአገር ዕቃ ሁሉ በጅቡቲ ሆነ፤ እኛም ወደ ጋላፊ መስመር ዞርን። ዛሬም የኤሌክትሪክ ባቡር ተሠርቶ እንኳ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ የሚያልፈው በዚህ በር ሲሆን፣ ብዙው በጭነት መኪና ነው። ከዚህ ማኅበር አባላት ውስጥ ከዚህ መንገድ እንጀራ ያልበላ ቤተሰብ ጥቂት ነው።

የረዳት ሥራ ታኮ ማስገባት፣ ጎማ መፍታት፣ ሻይ ማፍላት ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ሌሊት ላይ ግን ረዳት የሹፌሩ ሁለተኛ ዓይን ነው። ግመል የሚያቋርጥበትን፣ ጎርፍ የበላውን የመንገድ ጠርዝ በልቡ ይይዛል። ወረቀት አልነበረንም እንጂ ሥራው ያው የጄንኪንሰን ሥራ ነው።

በ1991 ዓ.ም. አንድ ማታ ባዶ መኪና ይዘን ወደ ጅቡቲ ስንወርድ ሎጊያ ላይ ሻይ ለመጠጣት ቆምን። አጎቴና አንድ ወዳጁ ሹፌር ጨዋታ ጀምረው «ጋላፊ ቀድሞ የደረሰ ምሳ ይጋበዛል» ተባባሉ። ውርርዱ የምሳ ብቻ ነበር። ሰርዶን እንዳለፍን አጎቴ በጣም መብረር ጀመረ። አንድ ጊዜ «አጋሼ፣ ቀስ» ብለው «ዝም በል፣ አንተ ልጅ» አለኝ። ወደ ፊት ያለች አንዲት ኩርባ ጠርዟ እንደተበላ ባለፈው ጉዞ አይቻለሁ። ልናገር አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ታላቅ ነው፣ ተቆጥቷል፣ ያውቃል ብዬ ዝም አልኩ።

መኪናዋ ተገለበጠች። ወዳጁ ከኋላ ደርሶ ከክሩስኮቱ ሥር አወጣን። እኔ ክንዴ ተሰበረ፤ የአጎቴ እግር ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። ከወራት በኋላ ልጠይቀው ስሄድ አንድ ነገር ብቻ ነበር የጠየቀኝ።

«ኩርባዋን አይተሃት ነበር?»

«አዎ፣ አጋሼ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

መልስ አልነበረኝም። እርሱ ዝም እንዳሰኘኝ አላስታወሰኝም፤ እኔም አላነሣሁበትም። አጎቴ እስኪሞት ድረስ ይወደኝ ነበር። እኔ ግን ወደ መንገድ አልተመለስኩም። እዚሁ ጅቡቲ ቀረሁና በኋላ ሱቅ ከፈትኩ።

ለልጆቻችን

ውድ ልጆቻችን፣ ውድድር አትውደዱ አልላችሁም። ነገር ግን ከላይ ያየነው ታሪክ ሁሉ የሚለው አንድ ነው፤ በሕዝብ መንገድ ላይ ያለ ፈቃድና ያለ መዝጊያ የሚደረግ ውርርድ ውድድር አይባልም። እውነተኛ ውድድር ደግሞ የሁለት ሰው ሥራ ነው። መሪውን የያዘ ሰው ከጎኑ ያለውን ይስማ። ከጎን የተቀመጠም፣ ረዳትም ሆነ ሚስት ወይም ታናሽ ወንድም፣ ያየውን ይናገር። ለታላቅ መታዘዝ ጥሩ ባሕላችን ነው። ገደል እያዩ ዝም ማለት ግን አክብሮት አይደለም።

በመጨረሻም አንድ ልመና አለኝ። ማኅበራችን በዚህ በዓል የቀድሞ ሹፌሮቻችንን ሲያመሰግን ረዳቶቹንም እንዲያስብ እፈልጋለሁ። በሱቄ ጠረጴዛ ላይ አንድ ደብተር አስቀምጫለሁ። በአሰብም በጋላፊም መስመር በረዳትነት የሠራ አባት፣ አጎት ወይም ወንድም ያላችሁ ሁሉ መጥታችሁ ስሙን ጻፉ። ወላጆቹ ያወጡለትን ሙሉ ስም ይሁን። «ጆርጅ» ተብሎ እንዲቀር አንፈልግም።

መልካም የኢዮቤልዩ በዓል ይሁንልን። በመንገድ ላይ ያሉትን ሁሉ በሰላም ያግባቸው።