ስንት ደቂቃ ፈጀ? ማይግሬንና ሚኒ ስትሮክን የመለየት ታሪክ

እንግሊዛዊው ኬሚስት ዊልያም ሃይድ ዎላስተን ለሁለት ሦስት ሰዓት ጉልበት የሚጨርስ እንቅስቃሴ ሲያደርግ ከቆየ በኋላ አንድ ሰው አገኘ። የሰውየው ፊት ግማሹ የለም። ዞር ብሎ በር ላይ የተጻፈ ስም ለማንበብ ሞከረ፤ «ጆንሰን» ከሚለው ስም የታየው «ሰን» ብቻ ነው፣ ፊተኛው ክፍል ተውጧል። ሩብ ሰዓት ያህል ሲያልፍ የጠፋው ግማሽ ተመለሰ። ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ያው ነገር ሲደገምበት ሁለቱን አጋጣሚዎች አንድ ላይ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1824 በለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ መጽሔት አወጣ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።)

ዎላስተን ፓላዲየምና ሮዲየም የተባሉትን ብረቶች ያገኘ፣ ቀደም ሲልም በሕክምና የሠራ ሰው ነው። በጽሑፉ ያሳሰበው ግን የዓይን ነርቮች ወደ አንጎል ሲሄዱ እንዴት እንደሚሻገሩ እንጂ የበሽታው ስም አልነበረም። በ1828 መጨረሻ አረፈ። አስከሬኑ ሲመረመር አንጎሉ ውስጥ ዕጢ ተገኘ። ታዲያ ያ የሩብ ሰዓት ግማሽ ዕውርነት ምን ነበር? ከሞቱ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ቀድሞ የደረሰን ነገር ለዕጢው ማሸከም ይከብዳል፤ ከእሱ በኋላ የመጡ ሐኪሞችም ከማይግሬን ጋር መድበውታል። ያም ሆኖ ነገሩ አንድ እውነት ያሳያል፤ መጥቶ የሚሄድ ምልክት ከሄደ በኋላ ማንነቱን ማወቅ ከባድ ነው።

ይህ ችግር በተለይ የሚከብደው ሃምሳ ዓመት በተጠጋች ሴት ላይ ነው፤ ሁለት መንገዶች እዚያ ዕድሜ ላይ ይገናኛሉና። የወር አበባ ጨርሶ ከመቆሙ በፊት ባሉት ዓመታት ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ወጣ ገባ ይላል፤ ማይግሬን ያለባት ሴት ሕመሙ ሊጠናባት ይችላል። ካረጠች በኋላ ደግሞ ብዙ ጊዜ ራስ ምታቱ ይቀላል። በአንጻሩ የስትሮክ ሥጋት ከዚያ ዕድሜ ወዲያ ከዓመት ዓመት ይጨምራል። እናም በ49 ዓመቷ ዓይኗ ላይ ብርሃን የተንቀጠቀጠባት ወይም ጣቷ የደነዘዘባት ሴት ከየትኛው መንገድ ላይ እንዳለች በመልኳ አይታወቅም።

ለረጅም ዘመን ሐኪሞች ማይግሬንን የሚያውቁት ይበልጡን በሥቃዩ ነበር። የጥንቱ ሐኪም ጌለን በግሪክኛ «ግማሽ ራስ» ብሎ ጠራው፤ «ማይግሬን» የሚለው ቃልም ከዚያ ስም ተንከባሎ የመጣ ነው። አማርኛችንም «ፍልጠት» ሲል ያው ራስን ለሁለት የሚከፍል ሕመም ማለቱ ነው። ስሙ ሥቃዩን ገለጸ፣ ከሥቃዩ በፊት የሚመጣውን ግን ሸፈነ። ዛሬ ሐኪሞች «ኦራ» የሚሉት ያ ቀዳሚ ምልክት፣ ማለትም የብርሃን ብልጭታ፣ የጣት መደንዘዝ፣ የቃል መጥፋት፣ አንዳንዴ ራስ ምታቱ ጨርሶ ሳይከተል ብቻውን ይመጣል። ሚኒ ስትሮክን፣ ማለትም ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ለጥቂት ጊዜ ሲቋረጥ የሚመጣውን አላፊ ምልክት፣ የሚመስለውም ይህኛው ነው።

ኦራን በትክክል ያየው የመጀመሪያው ትውልድ ከሐኪም ቤት ይልቅ ከኮከብ መመልከቻው ቀረብ ያለ ነበር። የብሪታንያ ንጉሣዊ የሥነ ፈለክ ሊቅ ጆርጅ ኤሪ በ1865 የገዛ ዓይኑ ላይ የሚመጣበትን የብርሃን ቅስት ጽፎ አሳተመ። ልጁ ሁበርት ኤሪ ሐኪም ነበር፤ ያው ነገር ነበረበት። በ1870 ያወጣው ጽሑፍ ዛሬም የሚደነቅ ሥዕል ይዟል፤ ከእይታው መሐል አጠገብ እንደ ነጥብ የሚጀምር፣ ከዚያ እየሰፋ የሚሄድ፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ የሆነ ባለቀለም ቅስት። ቅርጹ የድሮ የምሽግ ግንብ ስለመሰለው ከግሪክኛ «ግንብ ማየት» የሚል ስም አወጣለት።

የኤሪ ሥዕል ትልቁ ቁም ነገር ውበቱ አይደለም። ቅስቱን በተለያየ ደረጃው ደጋግሞ ሣለው፤ አሁን እዚህ ነበር፣ ቆይቶ እዚህ ደረሰ እያለ። አባትና ልጅ ሳያስቡት በኋላ ለሐኪሞች ዋና መለያ የሚሆነውን ነገር፣ የጉዞውን ፍጥነት፣ መዝግበው ነበር።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1873፣ ኤድዋርድ ሊቪንግ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ስለ ማይግሬን ትልቅ መጽሐፍ አወጣ። ሕመሙን የነርቭ ማዕበል አለው፤ ከአንጎሉ ራሱ ይነሣል ብሎም ተከራከረ። በዚያው ዓመት የካምብሪጁ ፒተር ላተም ተቃራኒውን ጻፈ፤ የደም ሥሮች ሲኮማተሩ ኦራው ይመጣል አለ። ለብዙ አሥርት ዓመታት ያሸነፈው የላተም ሐሳብ ነው። በ1930ዎቹና በ40ዎቹ ኒውዮርክ ላይ ሃሮልድ ዎልፍ በሙከራ አጠናከረው። ጣጣው ግን እዚህ ላይ ነው፤ ያኔ ጊዜያዊ ሽባነትንም ሆነ ጊዜያዊ ዕውርነትን ሐኪሞች የሚያስረዱት በዚያው በደም ሥር መኮማተር ነበር። ሁለቱ በሽታዎች አንድ ምክንያት ከተሰጣቸው ለመለየት የሚደክም ማን ነው?

በሴቶች ላይ ደግሞ ሌላ መጋረጃ ነበር። «ሜኖፖዝ» (ማረጥ) የሚለውን ቃል ፈረንሳዊው ሐኪም ደ ጋርዳን በ1821 ለሕክምና መጻሕፍት አበረከተ። በ1857 ኤድዋርድ ቲልት ለንደን ላይ ለዚሁ ዕድሜ ሙሉ መጽሐፍ ሰጠው፤ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ትኩሳት፣ የነርቭ መረበሽ ሁሉ በአንድ ጥላ ሥር ተሰበሰቡ። መጽሐፉ የሴቶችን ቃል ማድመጡ መልካም ነበር። ክፋቱ፣ ሁሉን ነገር «የዕድሜው ነው» ብሎ ለማለፍ በር ከፈተ። ያ በር ዛሬም አልተዘጋም፤ ጣቴ ደነዘዘ ብላ የሄደች ሴት ጭንቀት ነው፣ ሆርሞን ነው ተብላ ትመለሳለች።

መጋረጃውን የገፈፈው ሰዓት ነው። በ1941 አሜሪካዊው ካርል ላሽሊ የራሱን ኦራ እየተከታተለ በወረቀት ላይ ሣለ፤ የእይታው ጨለማ የሚሰፋበትን ጊዜ ለክቶም አንድ ነገር በአንጎሉ ቅርፊት ላይ በደቂቃ 3 ሚሊ ሜትር ያህል እየሄደ ነው ሲል አሰላ። ከሦስት ዓመት በኋላ ብራዚላዊው አሪስቲደስ ሌአው ሃርቫርድ ውስጥ የጥንቸል አንጎል ላይ የሚጥል በሽታን ሲያጠና ያልጠበቀውን አየ። የአንጎሉ የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በአንድ ቦታ ጸጥ አለ፤ ጸጥታው እንደ ውኃ ላይ ክብ ቀስ እያለ ተስፋፋ። ፍጥነቱ ከላሽሊ ስሌት ጋር ይቀራረባል። በ2001 ቦስተን ላይ ኦራው እየመጣበት ባለ ሰው አንጎል ላይ በኤም አር አይ ሲለካ በደቂቃ 3.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆነ። የሊቪንግ ማዕበል ከ128 ዓመት በኋላ በምስል ታየ።

ሁለቱን በሽታዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ የለያቸው ካናዳዊው ሚለር ፊሸር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የባሕር ኃይል ሐኪም ሳለ መርከቡ ሰጥማ ከሦስት ዓመት በላይ በጀርመን ምርኮ ቆይቷል። ከዚያ በሞንትሪያል አንድ የስትሮክ ታማሚ አንድ ነገር አጫወተው፤ ከሽባነቱ በፊት አንድ ዓይኑ ለጥቂት ጊዜ ይጠፋበትና ይመለስ ነበር። የጠፋው ዓይን ደግሞ ሽባ ከሆነው ጎን በተቃራኒ ነው። ፊሸር በ1951 ባወጣው ጽሑፍ ምክንያቱን ወደ አንገት ወሰደው፤ በአንገት የሚያልፈው ዋናው ደም ቅዳ ቧንቧ ጠቧል፣ ከእሱ የሚነሣ እንቅፋት ለዓይንም ለአንጎልም ደም ያቋርጣል። ያች የጥቂት ደቂቃ ጨለማ ማስጠንቀቂያ ሆነች። ሚኒ ስትሮክ የምንለው ነገር በሕክምና ክብደት ያገኘው ከዚህ በኋላ ነው።

እሱው ፊሸር ቦስተን ከገባ በኋላ ግን ያልጠበቀው ነገር ገጠመው። በሚኒ ስትሮክ ተጠርጥረው የመጡ፣ የደም ሥራቸው በራጅ ሲነሣ ግን ንጹሕ ሆኖ የሚገኝ ሰዎች አሉ። በ1980 ከ40 ዓመት በላይ የሆኑ 120 ታማሚዎችን ይዞ ጽሑፍ አወጣ፤ በ1986 ሌሎች 85 ጨመረ። እነዚህ ሰዎች የያዛቸው በጎልማሳነት የመጣ ማይግሬን ነው አለ። ብዙዎቹ ራሳቸውን አላመማቸውም፤ ራስ ምታቱ የተገኘው በግማሾቹ ገደማ ብቻ ነው።

መለያዎቹን ሲዘረዝር መሣሪያው ጆሮና ሰዓት ነበር። በማይግሬን ምልክቱ ይሳባል፤ የብርሃን ነጥቡ ቀስ በቀስ ይሰፋል፣ ድንዛዜው ከጣት ወደ ክንድ፣ ከክንድ ወደ ከንፈር ይወጣል። አንዱ ሲያበቃ ሌላው ይተካል፤ ዓይኑ ሲጠራ እጅ ይደነዝዛል፣ ከዚያ ንግግር ይጠፋል። አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 25 ደቂቃ ይቆያል። ተመሳሳዩ ደጋግሞ ይመጣል፤ በጎልማሳነት ዕድሜ ለተወሰነ ጊዜ ተከታትሎ ይመጣና ይጠፋል። ሚኒ ስትሮክ ግን ዱብ ዕዳ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ ከመጀመሪያዋ ሴኮንድ ሙሉ ሆኖ ይደርሳል። ባሕርያቸውም ይለያያል፤ ማይግሬን ያልነበረ ነገር ያመጣል፣ ብልጭታ፣ ዝግዛግ፣ መጠዝጠዝ። ሚኒ ስትሮክ ያለውን ይነጥቃል፣ ብርሃንን፣ የእጅን ጉልበት፣ ቃልን።

የፊሸር ሐሳብ ከአንድ ሐኪም ክፍል አልፎ እንደሚሠራ ለማየት ፍራሚንግሃም ጠቀመች። በዚች የማሳቹሴትስ ከተማ በ1948 የተጀመረው የልብ ጥናት ነዋሪዎቿን ለአሥርት ዓመታት ተከታትሏል። በ1998 የታተመ ውጤት ከ2,110 ሰዎች 26ቱ እንደ ማይግሬን ያለ የእይታ ምልክት እንደነበራቸው አሳየ፤ ከሦስት አራተኛ በሚበልጡት የጀመረው ከ50 ዓመት በኋላ ነው። ስትሮክ የደረሰባቸውም ሚኒ ስትሮክ ከነበራቸው ሰዎች በእጅጉ ያነሱ ነበሩ።

የሆርሞኑ ክር እስከዚያ ድረስ ለብቻው ይፈተል ነበር። በ1972 አውስትራሊያዊው ብራያን ሶመርቪል ወር አበባ ሲመጣ ማይግሬን ለሚነሣባቸው ጥቂት ሴቶች ኢስትሮጅን ወጋ፤ ደሙ በጊዜው መጣ፣ ራስ ምታቱ ግን ዘገየ። ማይግሬኑን የሚቀሰቅሰው የኢስትሮጅን መውረድ ነው ማለት ነው። ይህ ከማረጥ በፊት ያሉት ዓመታት ለምን እንደሚከብዱ ያስረዳል። ሆርሞኑን በክኒን መተካት ግን የራሱ ዋጋ ነበረው። በ2002 አሜሪካ ውስጥ 16,608 ያረጡ ሴቶችን የያዘ ትልቅ የሆርሞን ሙከራ ከጊዜው በፊት ቆመ፤ በክኒኑ ምክንያት ከታዩት አደጋዎች አንዱ ስትሮክ ነው፣ በዓመት ከ10,000 ሴቶች 8 ተጨማሪ።

በ2006 ደግሞ ዕድሜያቸው 45 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 27,840 አሜሪካውያን ሴቶችን የተከታተለ ጥናት፣ ኦራ ያለው ማይግሬን የሚመጣባቸው ሴቶች በደም መዘጋት የሚመጣ ስትሮክ ሥጋታቸው ወደ ሁለት እጥፍ እንደሚጠጋ አሳየ። ፊሸር ሁለቱን ለመለየት የደከመው ሥራ እዚህ ላይ ይወሳሰባል። ማይግሬን መኖሩ ስትሮክን አያስቀርም፤ አንዲት ሴት ሁለቱም ሊኖራት ይችላል። ለዚህም ሐኪሞች ደም ግፊትን፣ ሲጋራን፣ ስኳርንና የምትወስደውን ሆርሞን አብረው ይጠይቃሉ።

ሰዓቱ ብቻውን ዳኛ እንዳይሆን የሚያስጠነቅቅ ሌላም ነገር አለ። ለብዙ ዓመታት ሚኒ ስትሮክ ማለት በ24 ሰዓት ውስጥ የሚያልፍ ምልክት ነበር። ረቀቅ ያለው ኤም አር አይ ሲመጣ በደቂቃዎች ካለፈ ምልክት በኋላም የሞተ የአንጎል ክፍል እንደሚገኝ ታየ፤ በ2009 የአሜሪካ ሐኪሞች ትርጉሙን ከሰዓት ወደ አንጎሉ ሁኔታ አዞሩት። በ2007 ኦክስፎርድ ውስጥ የተደረገው ጥናት ደግሞ ሚኒ ስትሮክ ወይም ቀላል ስትሮክ የደረሰባቸው ሰዎች ሳይዘገዩ ሲታከሙ በሦስት ወር ውስጥ ስትሮክ የሚይዛቸው ከ10 በመቶ ገደማ ወደ 2 በመቶ እንደወረደ አሳየ። የጠፋው ጊዜ የሚያስከፍለው ይህን ያህል ነው።

በእኛ ቤት ራሷን ያመማት እናት ሻሿን ጠፍራ ታስራለች፣ ቡና ትጠጣለች፣ ጨለማ ክፍል ገብታ ትተኛለች። ለዓመታት ለለመደችው፣ በሐኪም ለታወቀ ማይግሬን ይህ ያሳርፋት ይሆናል። ከአርባ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመጣ፣ ወይም ከወትሮው ለተለየ ምልክት ግን አይሆንም። ፊቷ ወደ አንድ ጎን ቢጣመም፣ እጇ ቢዝል፣ ዓይኗ ቢጨልም ወይም ቃል ቢጠፋባት፣ ምልክቱ ለቅቋት ቢሄድ እንኳ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ትድረስ። አብሯት የነበረ ሰውም መቼ እንደጀመረ፣ በአንዴ መጣ ወይስ ቀስ እያለ፣ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ጽፎ ይያዝላት። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።