ደረት ሳይከፈት ልብን ያስነሱ እጆች

እስከ 1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ድረስ ልቡ ቀጥ ላለ ሰው ሐኪም የሚያደርግለት ዋነኛው ነገር ደረቱን ከፍቶ ልቡን በእጅ መጭመቅ ነበር። ይህም ሕመምተኛው ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ወይም ቀዶ ሐኪም አጠገብ ካልሆነ አይሞከርም ነበር። ቤቱ ወይም መንገድ ላይ ለወደቀ ሰው ተስፋው የመነመነ ነበር።

ይህን የለወጠው እውቀት ከሐኪሞች ብቻ የመጣ አይደለም። ዊልያም ኮወንሆቨን በባልቲሞር፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነበሩ። በመስመር ሠራተኞቻቸው ሞት የተጨነቁ የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች ለምርምር ገንዘብ በመመደባቸው፣ እሳቸው ኤሌክትሪክ በልብ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳትና መፍትሔውን ለዓመታት አጠኑ።

በ1958 አብሯቸው ይመራመር የነበረው ወጣቱ መሐንዲስ ጋይ ኒከርቦከር ልቡ በቆመ ውሻ ላይ ሙከራ ሲያደርግ አንድ ነገር አስተዋለ። ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስነሳው መሣሪያ ኤሌክትሪክ ገና ሳይለቅ፣ ሰሌዳዎቹ ደረቱን ሲጫኑት ብቻ የውሻው የደም ግፊት ከፍ አለ። ከውጭ በመጫን ደምን ማንቀሳቀስ ይቻላል ማለት ነው። ሁለቱ መሐንዲሶች ከቀዶ ሐኪሙ ጄምስ ጁድ ጋር ሆነው የት፣ በምን ያህል ኃይልና ፍጥነት መጫን እንዳለበት ለዩ። በጁላይ 1960 ባሳተሙት ጽሑፍ ከ20 ሕሙማን 14ቱ መትረፋቸውን ገለጹ። ለዚህ የሚያስፈልገው ሁለት እጅ ብቻ መሆኑንም አሰፈሩ።

በዚያው በባልቲሞር ዶክተር ፒተር ሳፋር፣ በፈቃዳቸው በመድኃኒት ትንፋሻቸው እንዲቆም በተደረጉ ሰዎች ላይ ባካሄዱት ጥናት፣ ጭንቅላትን ወደ ኋላ አዘንብሎ አፍ ለአፍ ትንፋሽ መስጠት ተራ ሰው ሊሠራው የሚችል እርዳታ መሆኑን አሳይተው ነበር። የደረት መጫኑና የትንፋሹ እርዳታ ተጣመሩ።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ሕዝቡ በምን ይለማመድ የሚል ነበር፤ የጤነኛ ሰው ደረት መጫን ይጎዳልና። መልሱን ያገኙት የኖርዌዩ አሻንጉሊት ሠሪ ኦስሙንድ ሌርዳል ናቸው። በ1960 ደረቷ የሚጫን፣ በአፏ የሚተነፈስላት የመለማመጃ አሻንጉሊት አወጡ። በ1972 ደግሞ በሲያትል ዶክተር ሊዮናርድ ኮብ ከከተማው እሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ጋር ሆነው ነዋሪውን በብዛት ማሠልጠን ጀመሩ።

ዛሬ ለአዋቂ ሰው የሚሰጠው ትምህርት ግልጽ ነው። ሰውየው ካልነቃና እንደ ወትሮው ካልተነፈሰ እርዳታ ይጠራል፤ የደረቱ መሐል በመዳፍ ሥር ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ጠልቆ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ይጫናል፤ በየመሐሉም ደረቱ ሙሉ በሙሉ እንዲመለስ ይለቀቃል። የሠለጠነ ሰው ከ30 ጫና በኋላ 2 ትንፋሽ ይሰጣል፤ ያልሠለጠነ ግን መጫኑን ብቻ ሳያቋርጥ ይቀጥል።

መሐንዲስ ያስተዋለው፣ አሻንጉሊት ሠሪ ለሕዝብ ያቀረበው ይህ ሙያ ከመነሻው ለሁሉም የተሠራ ነው። በአገራችንም የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ይሰጣል። አንጎል ያለ ደም የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ በዚያች ጊዜ ሊደርስ የሚችለው አጠገብ ያለ ሰው ነው። ስለዚህ በየቤቱ፣ በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ቢያንስ አንድ የሠለጠነ ሰው ይኑር።