የጭነት መለያ፦ የአንድ ቁጥር ታሪክና የስያሜው ጥያቄ

ለአንድ አዲስ ነገር ቃል ከመሰየማችን በፊት የነገሩን አመጣጥ መመርመር ይገባናል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር የሚላክ የመልእክት እሽግ ምን እንደ ያዘ የሚታወቅበትን ቁጥር ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

«ፓኬት» የሚለውን ስያሜ በ1960ዎቹ አጋማሽ የመረጠው በብሪታንያ ብሔራዊ የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ዶናልድ ዴቪስ ነው። ዴቪስ ወደ ሌሎች ቋንቋዎች በቀላሉ የሚመለስ ቃል በመፈለጉ አስቀድሞ የቋንቋ ባለሙያ አማክሯል። ስለዚህም «እሽግ» ብንል ከሰያሚው አሳብ አንርቅም። የላኪና የተቀባይ አድራሻ የሚጻፍበትን የፊተኛውን ክፍል «ራስጌ»፣ ተከትሎት የሚመጣውን «ጭነት» እንለዋለን። ራስጌና ግርጌ ከአልጋ አልፈው ለመጽሐፍ ገጽ ማገልገል ከጀመሩ ቆይተዋልና፣ ቃሉ ለአንባቢ እንግዳ አይሆንም።

በ1974 የወጣው የመጀመሪያው የቲሲፒ ደንብ እሽግን የማድረሱንና ቅደም ተከተልን የመጠበቁን ተግባር አንድ ላይ ይዞ ነበር። ጆን ፖስቴል በ1977 ይህን መደባለቅ ነቀፈ፤ በ1978ም ሁለቱ ተግባራት ተለያዩ። አጓጓዡ ብቻውን ሲቆም ግን የሚሸከመው ጭነት ልዩ ልዩ ሆነ፤ ጭነቱን ለማን እንደሚያስረክብ የሚነግረው ምልክትም አስፈለገ። በመስከረም 1981 በወጣው የኢንተርኔት ፕሮቶኮል ደንብ ራስጌው ለዚሁ 8 ቢት መድቧል፦ 1 ለአይሲኤምፒ፣ 6 ለቲሲፒ፣ 17 ለዩዲፒ። ነገሩ በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ «ጉዳዩ» ከሚለው መስመር ጋር ይመሳሰላል፤ መዝገብ ቤቱ ደብዳቤውን ሙሉ በሙሉ ሳያነብ ወደሚመለከተው ክፍል ይመራዋል።

ቁጥሩ በራሱ ትርጉም የለውም። 6 ቲሲፒን የሚያመለክተው በስምምነት ብቻ ነው። የስምምነቱን መዝገብ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1998 ድረስ፣ በኀላፊነት የያዘው ፖስቴል ነበር። ሥራው ከመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሥራ የራቀ አይደለም።

አንድ ምልክት ሁለት ትርጉም ሲይዝ የሚመጣውን ችግር የኤተርኔት ታሪክ ያሳየናል። በ1980 ሦስት ኩባንያዎች ባወጡት ደንብ ሁለት ባይት የጭነቱን ዓይነት ይገልጽ ነበር፤ 2048 ማለት የኢንተርኔት እሽግ ነው። በ1983 የጸደቀው ሌላ ደንብ ግን ያንኑ ቦታ ለጭነቱ ርዝመት ሰጠው። ርዝመቱ ከ1500 ስለማያልፍ፣ በ1997 ሁለቱም አነባበቦች በይፋ ታወቁ፦ እስከ 1500 ያለው ርዝመት፣ ከ1536 ጀምሮ ያለው ዓይነት ሆነ። አሻሚነቱ አልጠፋም፤ ወሰን ግን ተበጀለት።

አሁን ወደ ራሳችን ጥያቄ እንመለስ። ይህ የራስጌው ክፍል በ1981 ደንብ «ፕሮቶኮል» ይባላል። «የእሽጉ ፕሮቶኮል» ብለን ብንተረጕመው ተማሪው 6 የተሸካሚው የራሱ ቁጥር ይመስለዋል፤ ቁጥሩ ግን የሚናገረው ስለ ተሸካሚው ሳይሆን ስለ ተጫነው ነው። በ1995 የወጣው የስድስተኛው ቅጂ ደንብ ስሙን «ቀጣይ ራስጌ» ሲል ለወጠ፤ ምክንያቱም ከመጀመሪያው ራስጌ በኋላ ተጨማሪ ራስጌዎች ሊደረደሩ ይችላሉ። ይሁን እንጂ ይህም ስም ምሉእ አይደለም፤ 59 የተባለው ቁጥር የሚገልጸው ቀጣይ ራስጌ አለመኖሩን ነውና።

በመሆኑም ለጠቅላላው ጽንሰ ሐሳብ «የጭነት መለያ» የሚለውን እናቀርባለን፤ «የዓይነት ቁጥር»፣ «የፕሮቶኮል ቁጥር» እና «ቀጣይ ራስጌ» በሥሩ እንደየደንባቸው ይመደባሉ። ተጨማሪ ራስጌ በሚኖርበት ጊዜ ለፊተኛው ራስጌ የሚከተለው ሁሉ ጭነቱ ነውና ስያሜው አይፈርስም። መምህራንና የሙያው ሰዎች በሥራ ላይ አውለው ቢፈትኑት፣ የቃሉ ብቃት ከእኛ ክርክር ይልቅ በእነርሱ አንደበት ይታወቃል።