የአያቴ ጣት እና የበከልቻ ነገር

ነቀምቴ ላይ ክረምቱ ወጥቶ ደመናው ሲገፈፍ፣ በኅዳር ምሽት የአያቴ ጣት ትዝ ይለኛል። ግቢያችን መሐል ቆመው «ያውልህ፣ በከልቻ!» አሉኝ። ክንዳቸውን ተከትዬ ባንጋጥጥም ሰማዩ ሁሉ ኮከብ ነበርና አልለየሁትም። አፍሬ «አየሁት» አልኩ። ዛሬ አያቴ የሉም፤ ስሙ ቀረኝ፣ ኮከቡ ግን ጠፋኝ።

በወለጋ ቃል መሰብሰብ የቆየ ሥራ ነው። አስቴር ጋኖ ያሰባሰበቻቸው የኦሮሞ ተረቶች፣ ምሳሌዎችና ዘፈኖች ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ባዘጋጀችው የንባብ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1894 ታትመዋል። ኦነሲሞስም በ1904 ወደ ወለጋ ተመልሶ ነቀምቴ ላይ አስተምሯል። ተረት በወረቀት ላይ ይቀመጣል፤ የኮከብ ስም ግን ጠቋሚ ካላገኘ ባዶ ቃል ነው።

ለዚህም በከልቻ ራሱ ምስክር ነው። በዕለት ንግግር የንጋት ኮከብ፣ ማለትም ቬነስ ነው። አስመሮም ለገሰ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት «ገዳ» በተሰኘው መጽሐፍ ግን፣ የቦረና አያንቱዎች ወራትን ከሚቆጥሩባቸው ከዋክብት መካከል በዚህ ስም የተመዘገበው ቀዩ አልዴባራን ነው። አንድ ስም፣ ሁለት ብርሃን!

ባለፈው ኅዳር እዚያው ግቢ አነስተኛ ቴሌስኮፕ ተከልኩ። ቴሌስኮፕ የሚያየው ጠባብ የሰማይ ቁራጭ ስለሆነ ማነጣጠር ያስቸግራል፤ ስለዚህ ከቱቦው ጎን አረንጓዴ የሌዘር ጠቋሚ አሰርኩበት። ቴዎዶር ማይማን እ.ኤ.አ. በ1960 የሠራው የመጀመሪያው ሌዘር ቀይ ነበር። ዓይናችን ግን በ532 ናኖሜትር ላለው አረንጓዴ ይበልጥ ንቁ ነው፤ አየሩና ብናኙም ብርሃኑን ስለሚበትኑት ጨረሩ እንደ ረጅም ዘንግ ሆኖ ይታያል። ዓይን ያጠፋልና ወደ ሰው፣ አብራሪ ያደናግራልና ወደ አውሮፕላን ፈጽሞ አይመራም።

ዘንጉን በምሥራቅ ባለው ቀይ ኮከብ ላይ አሳርፌ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችንን «አባባ፣ በከልቻ ይህ ነው?» አልኳቸው። ሳቁ። «እኛ በከልቻ የምንለው ሊነጋ ሲል የሚወጣውን ነው» አሉ። ሁለታችንም ያየነው ያንኑ አንድ ኮከብ ስለነበር መልሳቸው አላጠራጠረኝም።

የአያቴ ነገር ግን አልተፈታም። ቬነስ ምሽት ላይ የምትታየው በምዕራብ ብቻ ነው፤ አልዴባራን ደግሞ በኅዳር ምሽት ከምሥራቅ ይወጣል። ያን ዕለት አያቴ ፊታቸውን ወዴት እንዳዞሩ ባስታውስ ኖሮ መልሱን ባገኘሁት ነበር። እኔ ግን ጣታቸውን ብቻ ነው ያየሁት።

አንባቢ ሆይ፣ ኮከብ የሚያውቅ አዛውንት በቤትህ ካለ ዛሬ ማታ ጠይቀው። ስሙን ብቻ አትጻፍ፤ ወሩን፣ ሰዓቱንና አቅጣጫውንም ጨምር። ካልታየህም እንደ እኔ «አየሁት» አትበል።