የማሊንዲ ዓምድና ሙዚየም

ማሊንዲ በኬንያ የሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ፣ ከሞምባሳ በስተሰሜን 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ ጥንታዊት የስዋሂሊ የወደብ ከተማ ናት። ወደ ባሕሩ ገባ ባለ ዐለታማ ጫፍ ላይ ነጭ ሾጣጣ ግንብ ቆሟል፤ በዐናቱም የድንጋይ መስቀል ይታያል። የቫስኮ ዳ ጋማ ዓምድ የሚባለው ይህ ነው።

ፖርቹጋላዊው መርከበኛ ከተማዋ የደረሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1498 ነበር። ሞምባሳ በጥርጣሬና በጠላትነት ስታየው፣ የማሊንዲ ሱልጣን ግን በወዳጅነት ተቀበለው። ሱልጣኑ ከሞምባሳ ጋር ፉክክር ላይ ስለነበር፣ መድፍ የጫነ እንግዳ ለእርሱ የሚጠላ አልነበረም። የባሕሩን መንገድ የሚያውቅ መሪም ሰጠው፤ መርከቦቹ አንድ ወር ሳይሞላ ሕንድ ካሊከት ደረሱ። የዚሁ መርከበኛ ልጅ ክርስቶፎር ዳ ጋማ በ1541፣ 400 ያህል ወታደሮች አስከትሎ በምጽዋ በኩል ወደ ኢትዮጵያ የገባውና በማግስቱ ዓመት በኢማም አሕመድ ጦር ተማርኮ የተገደለው ነው።

ወዳጅነቱ ማሊንዲን ብዙ አልጠቀማትም። ፖርቹጋሎች በ1593 በሞምባሳ ፎርት ጂሰስ የተባለውን ምሽግ መገንባት ጀመሩ፤ የማሊንዲ ገዥም ወደዚያው ተዛወረ። ንግዱ ተከትሎት ስለሄደ ከተማዋ እየደኸየች፣ ሕዝቧም እየሳሳ ሄደ።

ዓምዱ የእንግዳውን ታሪክ ብቻ ይናገራል። ስለዚህ ጎብኚው አስቀድሞ በባሕሩ ዳር ወዳለው የማሊንዲ ሙዚየም ቢገባ ይመረጣል። ሙዚየሙ ያለበት «የዓምዶች ቤት» በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ግድም የተሠራ ሲሆን፣ በኬንያ ብሔራዊ ሙዚየሞች ሥር የሚተዳደር ነው። ከተማዋ ፖርቹጋሎችን ከማየቷ ከ80 ዓመት በፊት፣ በ1415፣ ለቻይና ንጉሠ ነገሥት ቀጭኔ በስጦታ የላከች እንደነበረች የሚያውቅ ሰው ዓምዱን በሌላ ዐይን ያየዋል። የአካባቢው የጊሪያማ ገበሬዎችም ታሪክ አላቸው፤ በ1913 እና በ1914 ሜካቲሊሊ ዋ ሜንዛ በተባለች ሴት ቀስቃሽነት የእንግሊዝን ግብርና የግዳጅ ሥራ እምቢ ብለዋል፤ ለዚህም ከሳባኪ ወንዝ ማዶ ካለው ለም መሬታቸው ተፈናቅለዋል።

መስቀሉ ከሊዝበን የመጣ ድንጋይ ሲሆን፣ ግንቡ ግን የአገሬው ኮራል ነው። ዓምዱ በመጀመሪያ የቆመው በሱልጣኑ ቤት አጠገብ ነበር፤ ወደ ጫፉ የተዛወረው በኋላ ነው። አሁን ማዕበሉ የተተከለበትን ዐለት ከሥሩ እየሸረሸረው ይገኛል።