ከፈቃድ እስከ ክስ፦ የአንድ የወሊድ መከላከያ መርፌ ታሪክ

መድኃኒት ሰውን ሲጎዳ ተጠያቂው ማን ነው? አምራቹ ነው ወይስ እንዲሸጥ የፈቀደው የመንግሥት ባለሥልጣን? ይህ ጥያቄ ለሕግ ባለሙያም ሆነ ለሐኪም አዲስ አይደለም። ይሁን እንጂ ዴፖ ፕሮቬራ የተባለው የወሊድ መከላከያ መርፌ ያለፈበት ረዥም ጉዞ ጥያቄውን አጉልቶ ያሳያል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መድኃኒቱን የሠራው አፕጆን የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። 150 ሚሊግራም በጡንቻ ሲወጋ፣ ለሦስት ወር ያህል የሴቲቱ እንቁላል እንዳይለቀቅ ያግዳል። ኩባንያው በ1967 መርፌው ለወሊድ መከላከያነት እንዲውል ፈቃድ ጠየቀ። ነገር ግን መድኃኒቱ በተሰጣቸው ውሾች ጡት ላይ ዕጢ በመታየቱ ስጋት አደረ፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም በ1978 ጥያቄውን ሳይቀበል ቀረ። ኩባንያው በመቃወሙ ጉዳዩ በ1983 በአጣሪ ጉባኤ ፊት ቢሰማም፣ ጉባኤው በ1984 የሰጠው አስተያየት ፈቃዱን የሚደግፍ አልሆነም።

ይህ ሁሉ ክርክር ሲካሄድ መርፌው ከሴቶች ክንድ አልራቀም ነበር። በአትላንታ ከተማ በሚገኘው ግሬዲ ሆስፒታል ከ1967 እስከ 1978 ድረስ ወደ 11,000 የሚጠጉ ሴቶች ወስደውታል፤ አብዛኞቹም ድሆችና ጥቁሮች ነበሩ። ስለ ጉዳቱ በሚገባ ተነግሯቸው ነበርን? የሚለው ጥያቄ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከመድኃኒቱ ስም አልተለየም።

በኋላ የዓለም የጤና ድርጅት ያካሄደው ጥናት የጡት ካንሰር አደጋ በጠቅላላው እንደማይጨምር በማመልከቱ፣ ፈቃዱ በ1992 ተሰጠ። በ2004 ደግሞ መርፌው የአጥንትን ጥንካሬ እንደሚቀንስ የሚገልጽ ከባድ ማስጠንቀቂያ በመግለጫው ላይ ተጨመረ። አፕጆን በ1995 ከፋርማሲያ ጋር ተዋሐደ፤ ፋርማሲያም በ2003 በፋይዘር ተገዛ።

አዲሱን የክስ ማዕበል ያስነሣው በ2024 የወጣ የፈረንሳይ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ሜኒንጂኦማ ለተባለው፣ ከአንጎል ሽፋን ለሚነሣ ዕጢ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 18,061 ሴቶች ከሌሎች ሴቶች ጋር አነጻጽረው፣ መርፌውን ከአንድ ዓመት በላይ በወሰዱት ላይ አደጋው አምስት እጥፍ ተኩል ያህል ሆኖ አገኙት። ሆኖም ከታማሚዎቹ መካከል መርፌውን የወሰዱት 9 ብቻ ነበሩ። ዕጢው በብዛት ካንሰር ባይሆንም አንጎልን በመጫን ዓይንን ሊያውክ፣ የሚጥል በሽታም ሊያስከትል ይችላል።

በዚያው ዓመት ሴቶች ፋይዘርን መክሰስ ጀመሩ፤ በ2025 መጀመሪያም በየፌዴራል ፍርድ ቤቱ የቀረቡት ክሶች በሰሜን ፍሎሪዳ በአንድ ዳኛ ፊት ተሰበሰቡ። የከሳሾቹ አቤቱታ «አደጋውን እያወቃችሁ አላስጠነቀቃችሁንም» የሚል ነው። ኩባንያው በበኩሉ ማስጠንቀቂያ ለመጨመር ጠይቆ አስተዳደሩ እንደከለከለው በመግለጽ፣ የፌዴራል ሕግ ከክሱ እንደሚጠብቀው ተከራከረ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ2009 በዋየዝ ኩባንያ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ ለመግለጫው ትክክለኛነት ቀዳሚው ኃላፊ አምራቹ መሆኑን አስታውቆ ነበር። በ2019 በመርክ ኩባንያ ጉዳይ ደግሞ፣ አስተዳደሩ ስለ አደጋው በሚገባ ተነግሮት ማስጠንቀቂያውን መከልከሉ በግልጽ ሊረጋገጥ እንደሚገባ ወሰነ። ስለዚህ ክርክሩ የሚያርፈው አምራቹ መቼ ምን አወቀ፣ ለአስተዳደሩስ ምን ነገረ በሚለው ላይ ነው።

ነገሩ ከእኛም የራቀ አይደለም። በ2012 መጨረሻ በእስራኤል የተላለፈ የቴሌቪዥን ዝግጅት፣ ከኢትዮጵያ የሄዱ ሴቶች በቂ ማብራሪያ ሳያገኙ መርፌውን መወጋታቸውን የሚገልጽ አቤቱታ አሰማ። በቀጣዩ ዓመት የጤና ሚኒስቴሩ ዋና ዳይሬክተር፣ ሴቲቱ የሕክምናውን ትርጉም አለመረዳቷ ካሠጋ ማዘዣው እንዳይታደስ ለሐኪሞች መመሪያ ሰጡ። የመንግሥቱ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2016 መገደድ መኖሩን የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘሁም ቢልም፣ የብዙዎቹ ሴቶች ቅሬታ አልበረደም። በአገራችንም በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ በትዳር ካሉት ሴቶች 23 ከመቶ የሚሆኑት የሚጠቀሙት በመርፌ የሚሰጥ መከላከያ ነበር።

መርፌው ብዙ እናቶችን ካልፈለጉት እርግዝና ማዳኑ አይካድም፤ ታሪኩ የሚያስተምረውም መድኃኒቱን መጥላትን አይደለም። ካሣ የሚመጣው ከጉዳት በኋላ ሲሆን፣ ማስጠንቀቂያ ግን ጉዳትን ይቀድማል። ስለሆነም ሴቲቱ በምትሰማው ቋንቋ ጥቅሙንም ጉዳቱንም ነግሮ ምርጫውን ለእርስዋ መተው ከሐኪሙም ከአምራቹም የሚጠበቅ ግዴታ ነው።